ፊልተሩን ከመንካታችሁ በፊት

ልጆች፣ ሰሞኑን አንድ ጎበዝ ወጣት ሥራዎቹን አሳየኝ። ሁሉም ጥቁርና ነጭ፣ ሁሉም አሸዋ የተነሰነሰባቸው የሚመስሉ። "ለምን ቀለሙን አጠፋኸው?" ስለው "ሙዱ አሪፍ ነዋ" አለኝ። አልተቆጣሁም። በእሱ ዕድሜ ሳለሁ እኔ የባስኩ ነበርኩ፤ ጉዴን ቆይቼ እነግራችኋለሁ። ግን ያ "ሙድ" የምትሉት ነገር በአንድ ጣት የሚነካ ፊልተር ከመሆኑ በፊት ሰዎች የተኮራረፉበት ጉዳይ ነበር። መልኩን ብቻ አንስታችሁ ስትሄዱ የማታውቁት ጠብ ውስጥ ገብታችኋል ማለት ነው። ቢያንስ ከማን ወገን እንደቆማችሁ እወቁ።

ከመጀመሪያው ልነሳ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፈረንሳዊው ኒየፕስ በ1826 ወይም በ1827 ከመስኮቱ ማዶ የሚታየውን ጣሪያና ግቢ ሬንጅ በተቀባ የብረታ ብረት ሳህን ላይ አስቀረ። ብርሃኑን ለመያዝ ቢያንስ 8 ሰዓት ያህል ፈጅቷል፤ ቀናት ነው የፈጀው የሚሉም አሉ። ፎቶውን ፈልጋችሁ እዩት። በግራም በቀኝም ያሉት ግድግዳዎች ፀሐይ ያረፈባቸው ይመስላሉ፤ ምክንያቱም ሳህኑ እዚያው ተቀምጦ ሳለ ፀሐይዋ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ዞራለች። ዛሬ በሰከንድ ሽራፊ የምታነሱት ነገር ያኔ ቀኑን ሙሉ የሚውል ነበር።

ከዚያ ዳጌር የሚባል ሌላ ፈረንሳዊ መጣ። በ1838 አካባቢ አንድ የፓሪስ ጎዳና ከላይ ሆኖ አነሳ። መንገዱ በሰውና በጋሪ የተሞላ ነበር፤ ፎቶው ላይ ግን ጭር ብሏል፤ ሳህኑ ብዙ ደቂቃ ስለሚፈልግ የተንቀሳቀሰው ሁሉ ጠፍቷል። የቀረው አንድ ሰውዬ ነው። ጫማውን ሊያስጠርግ እግሩን አንስቶ ቆሟል። እስከ ዛሬ በሚታወቀው በፎቶ ላይ በግልጽ ከታዩ ሰዎች የመጀመሪያው እሱ ነው ይባላል፣ እሱ ግን የሚያውቀው ነገር አልነበረም። እኔ ይህን ፎቶ ሳይ ሁሌም የሚታየኝ ጎዳናው ላይ የነበሩት ሌሎቹ ሰዎች ናቸው።

በ1839 የፈረንሳይ መንግሥት የዳጌርን ዘዴ ይፋ አደረገው፣ ዓለም ጉድ አለ። ኢፖሊት ባያር የሚባል ሌላ ፈረንሳዊ ግን በወረቀት ላይ ፎቶ የማውጣት የራሱ ዘዴ ነበረውና ዞር ብሎ ያየው አጣ። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በ1840 ራሱን ውኃ ውስጥ ሰጥሞ የሞተ ሰው አስመስሎ አነሳ። ልብሱን አውልቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ። ፊቱና እጆቹ ከቀረው ገላው ይልቅ ጠቁረዋል፤ ከፎቶው ጀርባ ደግሞ ሬሳው መበስበስ እንደጀመረ ጻፈበት። ሰውየው ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሯል። ፎቶግራፍ ይፋ በሆነ በዓመቱ ገደማ መዋሸት ጀመረ ማለት ነው፣ ያውም በቀልድ። "ኤዲቲንግ መጣና እውነት ጠፋ" የሚል ሰው ስሰማ ይሄ ሰውዬ ትዝ ይለኛል።

ቀጥሎ የመጣው ክርክር ረጅም ነው። "ይሄ የማሽን ሥራ ነው እንጂ ጥበብ አይደለም" ተባለ። ፎቶ አንሺዎቹ እልህ ያዛቸውና ሥዕል ለመምሰል ተነሱ። ሬይላንደር የሚባል ፎቶ አንሺ በ1857 ከ30 በላይ ኔጋቲቮችን (ብርሃኑ ጥቁር፣ ጥላው ነጭ ሆኖ ተገልብጦ የሚቀርባቸው፣ ፎቶ የሚታተምባቸው) አገጣጥሞ አንድ ትልቅ ፎቶ ሠራ። በኋላ የመጡት ፒክቶሪያሊስቶች፣ ማለትም ፎቶ ሥዕል ይምሰል ባዮቹ፣ ሌንሱን አለዘቡ፣ ወረቀቱን በብሩሽ ነካኩ፣ ጭጋግ ወደዱ። ከእነዚህ ሁሉ እኔ የምወዳት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮንን ነው። ካሜራ የያዘችው በ1863፣ በ48 ዓመቷ ነው፤ ልጇ ናት የሰጠቻት። የምታነሳቸው ፊቶች ደብዘዝ ያሉ ናቸው፣ ሳህኑ ላይ የጣት አሻራና ጭረት ይታያል። የሙያ አጋሮቿ ማንሳት አትችልም ብለው ተሳለቁባት። ድብዝዙ ስሕተት ነበር ወይስ ፈልጋው? ዛሬም ያከራክራል። አይታ አልጣለችውም፣ እኔ እሱ ይበቃኛል። እናንተ ስልካችሁ ላይ ትንሽ ደብዘዝ ያለውን ሁሉ ወዲያው ዲሊት ስታደርጉ ግን ያመኛል።

ከዚያ ዘመን ተገለበጠ። በ1932 ካሊፎርኒያ ውስጥ ፎቶ አንሺዎቹ አንሰል አዳምስ፣ ኤድዋርድ ዌስተን፣ ኢሞጀን ከኒንግሃምና ሌሎችም ተሰባስበው ራሳቸውን ኤፍ 64 ብለው ሰየሙ። ኤፍ 64 በትልልቅ ካሜራዎች ሌንስ ላይ በጣም ጠባብ ከሆኑት የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳዎች አንዱ ነው፤ በእሱ ሲነሳ ከፊት ያለው ጠጠርም ከኋላ ያለው ተራራም ጥርት ይላል። ጭጋጉ ይብቃን፣ ፎቶ ፎቶ ይምሰል ነው ነገሩ። ዌስተን በ1930 ያነሳውን ቃሪያ እዩት። ፈሳሽ ወደ ጠርሙስ በሚገለበጥበት የቆርቆሮ ፈነል አፍ ውስጥ አስቀምጦት ብርሃኑ በዙሪያው እንዲንሸራተት አድርጓል፣ የታጠፈ የሰው ጀርባ ይመስላል፤ ደግሞም ቃሪያ ነው፣ ሌላ ምንም አልተደረገበትም። እነዚህ ሰዎች አንዳንዴ ከልክ በላይ ያከርሩ ነበር ባይ ነኝ። ቢሆንም ፖርትሬት ሞድ የምትሉት፣ ከኋላ ያለውን ሁሉ እንደ ቅቤ የሚያቀልጠው ነገር፣ የእነሱ ተቃራኒ ነው።

ስለ ቀለም አጠር ላድርገው። ሉሚዬር ወንድማማቾች በ1907 ለገበያ ያቀረቡት የቀለም ሳህን የተሠራው ቀለም ከተነከረ የድንች ስታርች ነው፤ ድንች! ሆኖም "ቁም ነገረኛ" የሚባለው ፎቶ ለብዙ ዓመት ጥቁርና ነጭ ነበር፣ ቀለም ለማስታወቂያና ለቤተሰብ አልበም ተተወ። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ዊሊያም ኤግልስተን በ1976 በኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም የቀለም ፎቶዎቹን ሲያሳይ ብዙ ሃያሲ ወረደበት። የዚያ ወጣት "አሪፍ ሙድ" ከየት እንደመጣ ገባችሁ?

ሰው የምታነሱ ልጆች ደግሞ ይህችን ያዙልኝ። ፎቶ አንሺዋ ዶሮቲያ ላንግ በ1936 ያነሳቻት ስደተኛ እናት፣ ልጆቿ ፊታቸውን ትከሻዋ ላይ የደበቁት፣ በዓለም ከታወቁት ፎቶዎች አንዱ ናት። ላንግ ስሟን እንኳ አልጠየቀችም፤ ራሷ ናት ይህን የጻፈችው። ሴትየዋ ከ40 ዓመት በኋላ ተገኝታ ከፎቶው አንድ ሳንቲም እንዳላገኘች ተናገረች። ፎቶውን አሁንም እወደዋለሁ። ግን ስም ጠይቁ፣ ምን ይከብዳል?

አሁን ወደ ጉዴ። ላይካ የምትባለው ትንሽ ካሜራ በ1925 ገበያ ላይ ወጣች፤ ኪስ ውስጥ የምትገባ፣ ድምፅዋ እምብዛም የማይሰማ። ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ ካርቲየ-ብሬሶን በእሷ ነው መንገድ ለመንገድ የዞረው። ፎቶዎቹ እንዲቆረጡ አይፈቅድም ነበር፣ እኔም አመለክሁት። የኔጋቲቩ ጥቁር ጠርዝ ሳይቀር እንዲታተምልኝ የማተሚያዬን የኔጋቲቭ መያዣ በሞረድ ሞርጄ አሰፋሁት። ታዲያ አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ የተቀመጠች ሴት አነሳሁ። በግራ በኩል የማላውቀው ሰው ክርን ገብቷል። የጋዜጣ አዘጋጁ "ክርኑን ቁረጠውና ላውጣልህ" አለኝ። "አይነካም!" አልኩ። ሳይወጣ ቀረ። ከብዙ ዓመት በኋላ ነው ያነበብኩት፤ የካርቲየ-ብሬሶን ያ ዝነኛ ፎቶ፣ በ1932 ከፓሪሱ ሴንት ላዛር ባቡር ጣቢያ ጀርባ ውኃውን ዘሎ ሊሻገር ያለው ሰውዬ፣ በአጥር ቀዳዳ ተነስቶ ጠርዙ የተቆረጠ ነው።

ባለፈው ወር ያን ኔጋቲቭ ፈልጌ አወጣሁት። በጨለማው የማተሚያ ክፍል ቀዩን መብራት አብርቼ፣ ክርኑን አስወጥቼ አተምኩት። ወረቀቱ ትሪው ላይ ባለው ኬሚካል ውስጥ ሲዋኝ መጀመሪያ ፀጉሯ መጣ፣ ቀጥሎ የመስታወቱ ጠርዝ፣ ከዚያ ግንባሯ የነካው ቦታ ላይ ያለው የትንፋሽ ጉም። በፊት እሱን አይቼው አላውቅም ነበር፤ ዓይኔ ሁሌ ክርኑ ላይ ነበር።