ፒንክ-1 የጎደላቸው ዝንቦች እንደ ጤነኞቹ ወደ ላይ ከወጡ

እህቴ፣ ከደብረ ማርቆስ የጠየቅሽውን አየሁት፦ «ፒንክ-1 የሚባለው ጂን የጎደላቸው የፍራፍሬ ዝንቦቼ ከጤነኞቹ እኩል ቱቦውን ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ጂኑ ለፓርኪንሰን በሽታ ጥናት አያገለግልም ማለት ነው?» የለም፣ ጂኑን አትጠርጥሪ። ወንዶቹን እንዴት እንደለየሽ ተመልከቺ።

1. ፒንክ-1 ያለው ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ነው። የጎደለው ወንድ መካን ስለሆነ ዘሩ የሚቆየው በሴቶቹ ነው፤ አንዱ ኤክሳቸው የተበላሸው፣ ሌላው ኤፍኤም7 የሚባለው ባላንሰር ነው፤ ባላንሰር የተበላሸው ጂን ከዘሩ እንዳይጠፋ የሚይዝ ልዩ ክሮሞሶም ነው። ስለዚህ ከአንድ ጠርሙስ ሁለት ዓይነት ወንድ ይፈለፈላል። ዓይኑ ጠባብ የሆነው ኤፍኤም7 የወረሰው ነው፤ ፒንክ-1ው ደህና ነው። አንቺ የምትፈልጊው ባለ ክብ ዓይኑን ነው። ሁለቱ ከተደባለቁ ጤነኞቹ አማካዩን ከፍ ያደርጉና ልዩነቱ ይጠፋል። ስንት ወር የሚበላው ይሄ ነው! አንድ በአንድ በማይክሮስኮፕ እዪ፤ ክንፋቸው የቆመ ወይም የወደቀ፣ ደረታቸው የጎደጎደ ካለ እነሱ ናቸው። ጠባብ ዓይኖቹን ደግሞ ማነጻጸሪያ አታድርጊያቸው፣ ባላንሰሩ ሌላም ብዙ ለውጥ ተሸክሟል። ማነጻጸሪያሽ ዘሩ አንድ ሆኖ ፒንክ-1ው ያልተነካ ይሁን።

2. በካርቦን ዳይኦክሳይድ ካስተኛሻቸው 24 ሰዓት አሳርፊ። ከዚያ እኩል ዕድሜ ያላቸውን 10 ወንዶች ቱቦ ውስጥ አድርገሽ፣ መታ መታ አድርገሽ ታች አውርጂና በ10 ሴኮንድ 8 ሴንቲሜትር ያለፉትን ቁጠሪ፤ ሁልጊዜ በቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት።

ሙቀቱን ነገር አደራ። በ25 ዲግሪ ከእንቁላል እስከ ዝንብ 10 ቀን ገደማ ነው፤ በ18 ዲግሪ እጥፍ ያህል ይፈጃል። የማርቆስ ሌሊት ብርድ ነው፤ መብራት ሲሄድ ኢንኩቤተሩ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ጀነሬተር እያለ ለቢሮ ኮምፒውተር ብቻ የሚያስነሱ ኃላፊዎች ያሳዝናሉ፤ የዝንቡ ዕድሜ ከተዛባ ሥራው ሁሉ ከንቱ እንደሆነ አይገባቸውም። ቢያንስ ፒንክ-1 የጎደላቸውንና ማነጻጸሪያዎቹን አንድ መደርደሪያ ላይ አስቀምጪ፣ ብርዱም እኩል ይድረሳቸው።

ልዩነቱ ሲመጣም «አንጎሉ ተጎዳ» ብለሽ እንዳትጽፊ። ፒንክ-1 እና ፓርኪን የሚባለው ሌላ ጂን የተበላሸ ማይቶኮንድሪያ (የሴሉ ኃይል ማመንጫ) እንዲወገድ የሚያደርጉ ናቸው፤ ዝንብ ላይ ጎልቶ የሚጎዳው ደግሞ የመብረሪያ ጡንቻው ነው። በ2006 የወጡት ጥናቶች ፓርኪንን መጨመር ፒንክ-1 የጎደለውን ዝንብ እንደሚታደግ፣ ፒንክ-1ን መጨመር ግን ፓርኪን የጎደለውን እንደማይታደግ አሳይተዋል። የሁለቱን የሥራ ቅደም ተከተል ያሳወቀችን ይቺ ትንሽ ዝንብ ናት፣ ማንም አይናቃት። ስለ አንጎል ለመናገር ግን አንጎሉን አውጥተሽ፣ ታይሮሲን ሃይድሮክሲሌዝን (ዶፓሚን ለመሥራት የሚያስፈልገውን ኢንዛይም) በሚይዝ አንቲቦዲ ቀልመሽ፣ ዶፓሚን አመንጪ ሴሎቹን መቁጠር አለብሽ። የሚቆጥረው ሰው የትኛው የየትኛው ዝንብ እንደሆነ አይወቅ።