ጣሪያሽ ወዴት ነው የዞረው?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ኮሎራዶ፣ አውሮራ ላይ ቤት ከገዛሽ ሁለተኛ ዓመትሽ ነው። ሻጭ በርሽን አንኳኩቶ የ7 ኪሎዋት ሶላር በዓመት 10,600 ኪሎዋት ሰዓት ያመነጭልሻል፣ ከዋጋውም 30 በመቶውን መንግሥት በታክስ ይመልስልሻል ብሎሻል። እዚሁ ኮሎራዶ፣ ጎልደን ከተማ ያለው የታዳሽ ኃይል ብሔራዊ ላቦራቶሪ የሚያካሂደው ምርምር ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው ይጠቅማል ወይ ብለሻል፤ አዲስ አበባ ላሉት እናትሽ ቤትም አስበሻል።

ታክሱን በአጭሩ ልጨርሰው። የቤቱ ባለቤት በራሱ ገንዘብ ገዝቶ ለሚያስገጥመው ሶላር ይሰጥ የነበረው የፌዴራል 30 በመቶ ቅናሽ በ2025 መጨረሻ አብቅቷል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ)። ሰውየው ዛሬም እንደዚያ የሚልሽ ከሆነ ወይ አላወቀም፣ ወይ አውቆ ነው። በሁለቱም በኩል ብዕርሽን አስቀምጪ።

10,600 ከሚለው ቁጥር ጋር ግን የቆየ ትውውቅ አለን። በ2018 እኔም ለ7 ኪሎዋት ይህንኑ ቁጥር ተነግሮኝ ፈርሜአለሁ። ዓመቱ ሲሞላ ቆጣሪው ያሳየው 8,740 ነበር። ለኩባንያው ስደውል መጀመሪያ በረዶው ነው አሉኝ፣ ቀጥሎ ደመናው ነው አሉኝ፤ ዴንቨር ላይ በረዶ ፓነል ላይ ብዙ ቀን እንደማይቆይ እዚህ የኖረ ሁሉ ያውቃል። ጥፋቱ የሰማዩ አልነበረም። የቤቴ ጣሪያ ወደ ምዕራብ የዞረ ነው፤ እነሱ ያሰሉት ወደ ደቡብ እንደዞረ አድርገው ነው። ከዚያ በኋላ በንዴትም በፍላጎትም ሥራውን ተምሬ ጉልበቴ እስኪያስቸግረኝ ድረስ አምስት ዓመት የሰው ጣሪያ ላይ ፓነል ስገጥም ቆየሁ፤ ይኸው ስህተት ስንት ቤት እንደተደገመ አልቆጠርኩትም።

የጎልደኑ ላቦራቶሪ የሚጠቅምሽ እዚህ ላይ ነው። ፒቪዋትስ የሚባል በኢንተርኔት በነፃ የሚሠራ ማስሊያ አላቸው፤ ከ1999 ጀምሮ ያለ ነው። አድራሻሽን ስታስገቢ በሳተላይት ከተሰበሰበው የፀሐይ ጨረር መረጃ የአካባቢሽን ይወስዳል። ከዚያ የፓነሉን መጠን፣ የጣሪያውን ዝንባሌና አቅጣጫ ይጠይቅሻል፤ በየወሩ ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደምትጠብቂ ይነግርሻል። ወጥመዱ አቅጣጫው ላይ ነው። ገጹ ሲከፈት የአቅጣጫው ሣጥን ውስጥ 180 ተጽፎ ይጠብቅሻል፤ 180 ማለት ደቡብ ነው። ምንም ሳትነኪ ካለፍሽው ሰሜን የዞረውን ጣሪያ እንኳን ደቡብ ነው ብሎ ያሰላልሻል። ምሥራቅ 90፣ ምዕራብ 270 ነው። እኔ 270 ብዬ ሳስገባ 8,900 ገደማ አመጣልኝ፤ ቆጣሪዬ ካሳየው ጋር የተራራቀ አይደለም። ሣጥኑን ባልነካው ኖሮ የሻጩ ቁጥር ይወጣ ነበር። በአካባቢያችን ደቡብ ለዞረ ጣሪያ ለአንድ ኪሎዋት ፓነል በዓመት 1,500 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ብለሽ ያዢ፤ በሰባት ስታባዥው ወደተነገረሽ ቁጥር ትጠጊያለሽ።

ማስሊያው የማያውቀውም አለ። የጎረቤትሽን ዛፍ አያይም። በልማድ 14 በመቶ ገደማ ለአቧራ፣ ለሽቦ፣ ለጥላና ለመሳሰለው ይቀንሳል፤ ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚያርፍብሽ ከሆነ ይህን ራስሽ ከፍ ማድረግ አለብሽ። ላቦራቶሪው ራሱ የዓመቱ ድምር 10 በመቶ፣ የአንድ ወር ብቻውን ደግሞ 30 በመቶ ከፍ ዝቅ ሊል እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ስለዚህ አንድ ወር ቢያንስብሽ አትደንግጪ። የፓነል እርጅናን በተመለከተም ያጠኑት አለ፦ በዓመት ግማሽ በመቶ ገደማ ነው የሚቀንሰው። ውሉ ላይ ከዚህ ብዙ የሚበልጥ ቅናሽ ካየሽ ጠይቂ።

በነገራችን ላይ የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ በመቀየር ‹‹ላቦራቶሪው 47 በመቶ ደርሷል›› የሚል ሻጭም አጋጥሞኛል። እውነት ነው፣ በ2020 47.1 በመቶ ደርሰዋል፤ ነገር ግን ስድስት ንብርብር ባላት ጥቃቅን ሴል ላይ፣ የፀሐይን ብርሃን 143 እጥፍ አሰባስበው ነው። ጣሪያሽ ላይ የሚወጣው ፓነል ከ20 በመቶ ጥቂት ፈቀቅ ቢል ነው።

የበረዶ ድንጋይን ሳትፈሪ አትቀሪም፣ ኮሎራዶ ነሽና። በሜይ 2017 ጎልደን ላይ መኪና የሰባበረው በረዶ ሲወርድ ላቦራቶሪው አንድ ሕንፃው ጣሪያ ላይ ከ3,000 በላይ ፓነል ነበረው። የተሰበረው አንድ ብቻ ነው።

ያንን ሕንፃ የልጄ ክፍል ለጉብኝት ሲሄድ አብሬ አይቼዋለሁ። በ2010 የተሠራ ቢሮ ነው፤ በዓመት የሚፈጀውን ያህል ኃይል ራሱ እንዲያመነጭ ታስቦ የተሠራ። አዳራሹ ጥንዚዛ ባደረቀው የጥድ እንጨት ተለብጧል፤ አንዳንዶቹ ምሰሶዎች የቀድሞ የጋዝ ቧንቧዎች ናቸው። ልጆቹን ያስገረማቸው ምድር ቤቱ ነው፦ አየር የሚተላለፍበት ጠመዝማዛ የኮንክሪት መንገድ አለ፤ ኮንክሪቱ የሌሊቱን ቅዝቃዜ ለቀን፣ የቀኑን ሙቀት ለሌሊት ያቆያል። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። መስኮት የሚከፈትበት ሰዓት ሲደርስ ሠራተኛው ኮምፒውተር ላይ መልእክት ይመጣለታል፣ ተነሥቶ በእጁ ይከፍታል። ፓነሉ ሊበቃው የቻለው ሕንፃው መጀመሪያ ትንሽ እንዲፈልግ ሆኖ ስለተሠራ ነው።

ቤቴ ገብቼ ይህንን ማሰብ ያዝኩ። የእኛ የክረምት ወጪ የጋዝ ነው፤ ሶላር ጋዝ አይቀንስልሽም። አንድ የጃንዋሪ እሑድ ባለቤቴ ቡና ስታፈላ የዕጣኑ ጭስ ሶኬቱ አጠገብ ሲደርስ አንድ ሰው እፍ ያለበት ይመስል ወደ ክፍሉ መሀል ይታጠፋል። ማጨሻውን አንሥቼ ቤቱን ዞርኩ። ኮሪደሩ ላይ፣ ከኮርኒሱ በላይ የሚያስወጣው ትንሽ በር ሥር ስይዘው ጭሱ በክፍተቱ ተስቦ ወጣ። ያሞቅነው አየር ሲያመልጥ በዓይኔ አየሁት። ለካ ባለሙያዎች በበር ላይ ትልቅ ማራገቢያ ገጥመው የሚለኩት ይህንኑ ነው። በሩን በጎማ፣ ሶኬቶቹን በስፖንጅ ደፈንኩ፤ ኮርኒሱ ላይ ያለውን ሙቀት መከላከያ አስጨመርኩ። በቀጣዩ ክረምት የጋዝ ሒሳቤ በአምስት አንድ እጅ ያህል ወረደ። ከፓነሉ በፊት አድርጌው ቢሆን ኖሮ ስንት ገንዘብ ይቀርልኝ ነበር! የእንጀራ ምጣዱ ብዙ መብራት ይፈጃል ብለሽ አትስጊ፤ እዚህ የምንጋግርበት 1,500 ዋት ገደማ ነው፣ ሁለት ሰዓት ቢጋገር 3 ኪሎዋት ሰዓት ነው።

ወደ እናትሽ ቤት ልምጣ። ፒቪዋትስ ለአዲስ አበባም ይሠራል። ነገር ግን እዚያ ችግሩ የመብራት ዋጋ ሳይሆን የመብራት መጥፋት ነው። ባትሪ የሌለው ከመስመር ጋር የተገናኘ ሶላር መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ መስመር ላይ የሚሠራው ሰው በኤሌክትሪክ እንዳይያዝ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። እዚህም እንዲሁ ነው፣ ሻጭሽ ካልነገረሽ እወቂው። ስለዚህ ለእናትሽ ባትሪ ያለው ያስፈልጋል። ስታሰዪ የዓመቱን አማካይ ሳይሆን የሐምሌንና የነሐሴን ወር ተመልከቺ፤ በጥር የተትረፈረፈው በክረምት አያበላም። ማቀዝቀዣ፣ አምፖል፣ ቴሌቪዥን፣ ስልክ ይበቃል። የአገር ቤቱ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባልና ከዚህ ውጪ ይሁን፣ መብራት ሲኖር ይጋግሩበት። የአገራችን የምሕንድስና ተማሪዎች ለገጠር መንደር ኃይል ሲያሰሉ የሚጠቀሙበት ሆመር የሚባለው ሶፍትዌርም በ1990ዎቹ የተወለደው እዚሁ ጎልደን ነው፤ ለአንድ ቤት ግን ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃሻል።

ላቦራቶሪው በ2025 መጨረሻ የሮኪ ተራሮች ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተብሎ ስሙ ተቀይሯል፤ ማስሊያውን ስትፈልጊ አዲሱን ስም ብታዪ ሌላ ቦታ የገባሽ አይምሰልሽ። የስልክሽን ኮምፓስ ይዘሽ ግቢሽ ውስጥ ቁሚ፣ ጣሪያው ወዴት እንደሚያይ አንብቢ፣ የአሥራ ሁለት ወር የመብራትና የጋዝ ሒሳብሽንም አሰባስቢ። ቁጥሮቹን እዚህ ጻፊልኝ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት ስለምሆን አብረን እናስገባቸዋለን።