እንቁላል በቀዝቃዛ ውሃ ሲታጠብ ለምን ይገማል?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን አካባቢ 200 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሉኝ። ደንበኞቼ ንጹህ እንቁላል ስለሚፈልጉ እንደሰበሰብኩ በባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፌ አጥባለሁ። ግን ብዙም ሳይቆይ ገምቷል እያሉ ይመልሱልኛል። ሳላጥብ ያስቀመጥኩት ደህና ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ችግሩ ያለው ዶሮዎቹ ጋ ሳይሆን ባልዲው ጋ ነው። ከዛሬ ጀምሮ መዘፍዘፉን ተዪው።

እንቁላል ስትቀቅይ ልብ ብለሽ ከሆነ፣ ውሃው መሞቅ ሲጀምር ከወፍራሙ ጫፍ ጥቃቅን አረፋዎች ተከታትለው ይወጣሉ። እዚያ ጫፍ ላይ፣ ከቅርፊቱ ስር፣ አየር የያዘ ክፍት ቦታ አለ። አየሩ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ቦታው ሲጠበው በቅርፊቱ በኩል ይወጣል። ቅርፊቱ ድፍን ይምሰል እንጂ በሺዎች የሚቆጠሩ ደቃቅ ቀዳዳዎች አሉት።

አንቺ የምታደርጊው የዚህን ተቃራኒ ነው። ግፊቱ ሳይለወጥ ጋዝ ሲቀዘቅዝ መጠኑ ይቀንሳል፤ ትምህርት ቤት የቻርልስ ሕግ የሚባለው ነው። ስሌቱ የሚሠራው በኬልቪን ነው፣ ማለትም ሴልሺየሱ ላይ 273 ትደምሪያለሽ። 28 ዲግሪ የነበረ እንቁላል 12 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሲቀዘቅዝ አየሩ ከ301 ወደ 285 ኬልቪን ይወርዳል፣ መጠኑም 5 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ነጩና አስኳሉም ትንሽ ይኮማተራሉ። ቅርፊቱ ግን ጠንካራ ስለሆነ አብሮ አይሸበሸብም፤ ስለዚህ የጎደለው ከውጭ ገብቶ መሞላት አለበት፣ ውጭ ያለው ደግሞ ኩስ የተበጠበጠበት ውሃ ነው፣ እሱን ከነባክቴሪያው ይስበዋል። አሁን የተጣለ እንቁላል የዶሮዋን ሙቀት ይዞ፣ 41 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ስለሚወጣ፣ ትኩሱን መዘፍዘፍ ከሁሉም የባሰ ነው። በዚያ ላይ ማጠቡ ቀዳዳዎቹን የሚሸፍነውን ስስ ተፈጥሯዊ ልባስ ያነሳዋል። ጉዳዩ የገበያ ብቻ አይደለም፤ ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያም በዚሁ መንገድ ሊገባ ይችላል፣ ሰው ያሳምማል።

ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ? እንቁላሉ መጀመሪያውኑ እንዳይቆሽሽ አድርጊ። ለ5 ዶሮ አንድ መጣያ ሳጥን ይበቃል፣ ላንቺ 40 መሆኑ ነው። ደረቅ ጭድ ወይም ሰጋቱራ ጎዝጉዢበት፣ ሲረጥብ ቶሎ ቀይሪው። በቀን ሦስት አራቴ ሰብስቢ። ትንሽ የቆሸሸውን በደረቅ ጨርቅ ወይም በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብለሽ አሺው። ትሪው ላይ ወፍራሙን ጫፍ ወደ ላይ አድርገሽ፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጪ።

የግድ መታጠብ ያለበት ካለ፣ ውሃው ከእንቁላሉ ቢያንስ በ11 ዲግሪ ይሙቅ። የዶሮዋ ሙቀት ለበረደለት እንቁላል 40 ዲግሪ አካባቢ ጥሩ ነው፣ እጅ ሲነካው ሞቅ የሚል ማለት ነው። ያኔ አየሩ ወደ ውጭ ይገፋል እንጂ ቆሻሻውን አይስብም። አትዘፍዝፊው፤ አንድ በአንድ እጠቢና ወዲያው አድርቂው፣ ውሃውንም ቶሎ ቶሎ ቀይሪ። የታጠበውን ለብቻው አድርገሽ አስቀድመሽ ሽጪው፣ በደንብ ተቀቅሎ ወይም ተጠብሶ እንዲበላም ለደንበኛሽ ንገሪው። ለጫጩት ማስፈልፈያ የምትሰጪው እንቁላል ካለ ግን ጭራሽ ውሃ አይንካው፤ የቆሸሸውን ለይተሽ አስቀሪው።