«ሳውንድ ካርዱ ተቃጥሏል» ከተባለ በኋላ

ጥያቄ፦ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት የማደርግበት ዴስክቶፕ አለኝ። ባለፈው ሳምንት ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 አፕግሬድ ካደረግኩት ወዲህ ድምፅ የለውም። የድምፁ ምልክት ላይ ቀይ ኤክስ አይታይም፣ ሙዚቃውም ይሄዳል፤ ስፒከሩ ግን ጭጭ ብሏል። ሞኒተሩ በኤችዲኤምአይ ገመድ ተያይዟል፣ ስፒከሩ ከኋላ አረንጓዴው ቀዳዳ ላይ ነው። ያየልኝ ባለሙያ «ሳውንድ ካርዱ ተቃጥሏል፣ ማዘርቦርድ ካልተቀየረ አይሆንም» አለኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ገንዘብዎን ገና አያውጡ። እስከ ዋዜማው ሲሠራ የነበረ ድምፅ ዊንዶውስ በተቀየረ ማግስት ከጠፋ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሶፍትዌሩ ነው። በደብዳቤዎ ላይ ዓይናችንን የሳበውም የኤችዲኤምአይ ገመዱ ነው። ይህ ገመድ ከምስል ጋር ድምፅም ያስተላልፋል። ዊንዶውስ ከአፕግሬድ በኋላ የድምፅ መውጫዎቹን እንደ አዲስ ሲለይ፣ ሞኒተሩን ዋና መውጫ አድርጎት ሊሆን ይችላል። ሞኒተሩ የራሱ ስፒከር ከሌለው ድምፁ እዚያው ሄዶ ይቀራል።

ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። ሙዚቃ ከፍተው ወደ «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ሲስተም»፣ ከዚያ «ሳውንድ» ይግቡ፤ ገጹ መጨረሻ ላይ «ሞር ሳውንድ ሴቲንግስ» የሚለውን ይጫኑ። በሚከፈተው ትንሽ መስኮት «ፕሌይባክ» ሥር እያንዳንዱ መውጫ በስተቀኙ የቆመች መለኪያ አለችው። አረንጓዴው ከፍ ዝቅ የሚለው ሞኒተሩ ጎን ከሆነ ችግሩ ተገኝቷል፦ «ስፒከርስ» የሚለውን መርጠው «ሴት ዲፎልት» ይበሉ። «ስፒከርስ» ከዝርዝሩ ከሌለ ባዶው ቦታ ላይ ራይት ክሊክ አድርገው «ሾው ዲሴብልድ ዲቫይስስ» የሚለውን ምልክት ያድርጉበት፤ ተዘግቶ ከሆነ ደብዝዞ ብቅ ይላል፣ «ኢኔብል» ያድርጉት። ሙዚቃው እየተሰማ ኤዲት የሚያደርጉበት ፕሮግራም ብቻ ዝም ካለ ደግሞ ፕሮግራሙ ውስጥ ይግቡ። ፕሪሚየር ለምሳሌ «ፕሪፈረንስስ» ውስጥ «ኦዲዮ ሃርድዌር» የሚባል የራሱ ምርጫ አለው።

መለኪያው «ስፒከርስ» ጎን እየተንቀሳቀሰ ድምፅ ከሌለ ጥርጣሬው ወደ ድራይቨሩ (ዊንዶውስን ከድምፅ ክፍሉ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) እና ወደ ገመዱ ይሄዳል። ስፒከሩን መጀመሪያ ስልክ ላይ ሰክተው ይሞክሩት። ደህና ከሆነ «ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ «ሳውንድ፣ ቪዲዮ ኤንድ ጌም ኮንትሮለርስ» የሚለውን ይክፈቱ። ቀድሞ «ሪልቴክ» (የድምፅ ቺፑ አምራች ስም) ይል የነበረው አሁን «ሃይ ዴፊኒሽን ኦዲዮ ዲቫይስ» ካለ፣ ዊንዶውስ የአምራቹን ድራይቨር በራሱ አጠቃላይ ድራይቨር ተክቶታል ማለት ነው። አጠቃላዩ ብዙ ማሽን ላይ ይሠራል፤ አንዳንዱ ላይ ግን የትኛው ቀዳዳ የትኛው እንደሆነ ይምታታበታል፣ በተለይ የፊተኛው የኢርፎን ቀዳዳ ላይ። መፍትሔው ከማዘርቦርዱ ወይም ከኮምፒውተሩ አምራች ድረ ገጽ በሞዴል ቁጥሩ ድራይቨሩን ማውረድ ነው። ፋይሉ ከ100 ሜጋባይት ሊበልጥ ስለሚችል ዋይፋይ ያለበት ቦታ ቢያወርዱት ይሻላል። ከዚያ «ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ አሁን ያለውን «አንኢንስቶል ዲቫይስ» ብለው፣ ድራይቨሩንም አብሮ የሚያጠፋውን ሳጥን ምልክት አድርገው ያስወግዱ፤ ሪስታርት አድርገው አዲሱን ይጫኑ። «ሸት ዳውን» አይበቃም፤ «ፋስት ስታርትአፕ» በርቶ ከሆነ የሲስተሙን ሁኔታ አስቀምጦ መልሶ ያመጣዋል። «ድራይቨር አፕዴተር» እየተባሉ የሚታደሉትን ፕሮግራሞች ግን አደራ፣ አይጫኑ።

ሶኬቱን ሲያዞሩት ድምፁ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የጅማ ክረምት ረጅምና እርጥብ ስለሆነ የቀዳዳው ብረት ይዝጋል። ኮምፒውተሩን አጥፍተው ሶኬቱን 5 ወይም 6 ጊዜ ሰክተው ይንቀሉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ካልሆነ፣ የባለሙያውን ቃል ያለ ወጪ መፈተኛ መንገድ አለ። ኡቡንቱን (በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳ ነፃ ሲስተም) 16 ጊጋ ፍላሽ ላይ ያዘጋጁና ኮምፒውተሩን በፍላሹ ያስነሱ፤ ሳይጭኑ «ትራይ» የሚለውን መርጠው ድምፅ ይክፈቱ። እዚህም መውጫው «ስፒከርስ» መሆኑን ያረጋግጡ። ከሰሙ ካርዱ አልተቃጠለም። ካልሰሙ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ «ኦንቦርድ ኦዲዮ» «ኢኔብልድ» መሆኑን ይዩ። እውነት ተቃጥሎ ቢሆን እንኳ በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ ሳውንድ ካርድ ሥራዎን ያሠራዎታል፤ ለድምፅ ብቻ ማዘርቦርድ አይቀየርም።

አንድ የሚያስቸኩል ነገር አለ፦ ወደ ዊንዶውስ 10 መመለስ የሚቻለው አፕግሬድ ከተደረገ በ10 ቀን ውስጥ ነው፤ «ሪከቨሪ» ውስጥ «ጎ ባክ» ይላል። እኛ ግን አንመክረውም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ከአፕግሬዱ በኋላ እኔ እሰማለሁ፣ በኦንላይን ክፍል ግን እኔን አይሰሙኝም። ማይኩ አዲስ ነው።

መልስ፦ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ»፣ ከዚያ «ማይክሮፎን» ግቢ። ላይኛው ማብሪያ በርቶ «ሌት ዴስክቶፕ አፕስ» የሚለው ታች ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል እስከ ገጹ መጨረሻ ውረጂ። ሁሉም በርቶ ከሆነ «ሳውንድ» ገጽ ላይ «ኢንፑት» የሚለው ሥር ትክክለኛው ማይክ መመረጡን እዪ፤ ስትናገሪ መስመሩ መንቀሳቀስ አለበት። ኮምፒውተርሽ ባለ ቀለም ቀዳዳዎች ያሉት ዴስክቶፕ ከሆነ፣ የማይኩ ሶኬት የሚገባው ሮዝ ቀዳዳ ውስጥ ነው።