የላቡ ቁልፍ አሁን እኔ ጋ ነው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጅ። በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህር ነኝ። እኔ ተማሪ እያለሁ ኮምፒውተር ላብ የሚገባው ጫማ ተወልቆ ነበር። አንድ ኮምፒውተር ለአምስት። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ስለ ሲፒዩ ሲጽፉ እኛ ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ያለውን ፒንቦል እንጫወታለን። ግራ ያለው ዜድን፣ ቀኝ ያለው ስላሽን ይይዛል። መሃል ያለው በስፔስ ኳሷን ይለቃል፤ መምህሩ ዞር ሲሉ ጌሙን ለመደበቅ አልት ታብ የሚጫነውም እሱ ነው። ያ ጊዜ እንዴት እንደሚናፍቀኝ!

ሰሞኑን ሦስት ልጆች «ባዮሎጂ አሳይመንት» በሚል ፎልደር ውስጥ ካውንተር ስትራይክ ደብቀው፣ በክፍለ ጊዜዬ እርስ በርስ ሲታኮሱ ያዝኳቸው። ፎልደሩን ሳይ ሳቄ አመለጠኝ። ዳይሬክተሩ ግን «ጌም የተባለ ሁሉ ይጥፋ፣ ልጆቹም ወላጅ ያምጡ» ብለዋል። በምን አፌ ልቆጣቸው?
የላቡ ሰውዬ፣ ከደሴ

መልስ፦ ወንድሜ፣ መደበቁ እንኳን የእናንተ ፈጠራ አይደለም። የካርታ ጨዋታው ሶሊቴር በ1990 እ.ኤ.አ. ከዊንዶውስ 3.0 ጋር ወጣ፤ ልጁ ሲሠራው ማይክሮሶፍት ውስጥ ተለማማጅ ነበር። አለቃ ሲመጣ የሐሰት የሥራ ሠንጠረዥ ስክሪኑ ላይ የሚያመጣ ቁልፍም ጨምሮበት ነበር፤ ኩባንያው አስወጣው እንጂ። ጨዋታው ራሱ ግን ቀረ። ብዙ ሰው ማውስ ይዞ መጎተትን የለመደው በእሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። አምስት ነበርን ብለኸኛል፤ ቁልፍ የያዙት ሦስት ናቸው። የቀሩት ሁለቱስ? ወንበሩ ጫፍ ላይ ተንጠልጥለው አንገታቸውን ያሰገጉት ማለቴ ነው። ቤታቸው ኮምፒውተር ከሌለ ያቺ 40 ደቂቃ ብቸኛ ዕድላቸው ነበረች። ለእነሱ ትዝታው እንዳንተ የሚጣፍጥ አይመስለኝም። ዛሬም እነዚያ ሦስቱ ሲታኮሱ ከጎናቸው ማን እንደተቀመጠ እስቲ አስታውስ።

ስለዚህ ተቆጣ፤ ምንም አፍ አያሳጣህም። በክፍለ ጊዜ ጌም የለም፣ አለቀ። ካውንተር ስትራይኩንም አጥፋው። የመጣው በፍላሽ ከሆነ ቫይረስም አብሮ ገብቶ ይሆናል። ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገውን ታውቀዋለህ፤ የስንቱን አሳይመንት በልቷል! ምክንያቱን ንገራቸው፣ ፍላሽ ሁሉ መጀመሪያ አንተ ጋ ይፈተሽ።

ወላጅ መጥራቱ ግን በዝቷል። ያለማንም እርዳታ ኮምፒውተሮቹን በኔትወርክ አገናኝተው የሚጫወቱ ልጆች ላቡን ቢያግዙህ ይሻላል፤ የተበላሸውን ኬብል እነሱ ይጠግኑ። ዓርብ ከትምህርት በኋላ ደግሞ ላቡን አንድ ሰዓት ክፈተው። ፒንቦልም ይኑር፣ ሶሊቴርም ይኑር። መጀመሪያ የሚቀመጠው ግን በሳምንቱ ማውስ ያልነካ ተማሪ ነው።

ለዳይሬክተሩ በጽሑፍ አቅርብላቸው። «ጌም ይፈቀድ» ካልከው አይሆንም። «የማውስና የኪቦርድ ልምምድ» በለው፣ ይፈርማሉ።