ባሕር ዛፍ ባይመጣ ኖሮስ?

ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች ጀግኖቹ «እንዲህ ቢሆን ኖሮ» በሚባል ሌላ ዓለም ስለሚኖሩባቸው የሱፐርሂሮ ኮሚክሶች ናቸው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ፍላሽ አንድ ሰው ነው ሁለት? (ከአራት ኪሎ)

ሁለት ነው፤ እንዲያውም ከዚያ በላይ። በፍጥነቱ የሚታወቀው ጀግና፣ የ1940ዎቹ ፍላሽ፣ ጄይ ጋሪክ ነበር። የኮሚክስ አሳታሚው ዲሲ በ1956 እንደ አዲስ ሲጀምረው ባሪ አለን የሚባል ሌላ ሰው አመጣ። በ1961፣ በፍላሽ መጽሔት ቁጥር 123 ሁለቱ ሲገናኙ ጄይ የሌላ ምድር ነዋሪ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ምድሮቹ እንደ አሸን ፈሉ፤ በ1985 የተጀመረ ባለ12 ቁጥር ታሪክ ሁሉንም ወደ አንድ ጠቀለላቸው። ኋላ ተመልሰው በዝተዋል።

በእነዚህ ታሪኮች ጀግናው ሲሞት ምንም አይሰማኝም። ለምን? (ከካዛንቺስ)

ምትክ እንዳለው ስለሚያውቁ ነዋ። አንዱ ሲሞት ሌላው ከጎረቤት ምድር ከመጣ፣ ለቅሶ ደርሰው ሟቹን ድንኳኑ በር ላይ እንደማግኘት ነው። ሞቱ የሚከብደው ዓለሙ ራሱ ማለቂያ ሲኖረው ነው። በ1995 ሌላው አሳታሚ ማርቭል፣ ፕሮፌሰር ዛቪየር የኤክስ ሜንን የጀግኖች ቡድን ሳያቋቁም የተገደለበትን ዓለም ሲያወጣ፣ መደበኛዎቹን የኤክስ ሜን መጽሔቶች ለአራት ወር አቁሞ በሌላ ስም ተካቸው። የለመዱት መጽሔት ከመደርደሪያ ሲጠፋ ማንም ይደነግጣል። በተቃራኒው ታዳጊው ስፓይደርማን ማይልስ ሞራሌስ በ2011 በጎን ዓለም ተፈጥሮ ተወደደ፤ ዓለሙ በ2015 ሲጠፋ እሱን ወደ ዋናው አሻገሩት። ለልጁ መልካም ሆነ፤ የዓለሙ መጥፋት ግን በእኛ ግምት ክብደቱን ያጣው ያኔ ነው።

ልጄ 12 ዓመቱ ነው፤ በየትኛው ይጀምር? (ከፒያሳ)

ዋናውን ታሪክ በሚያውቀው ጀግና። በ2003 በሦስት ቁጥር በወጣ ታሪክ የሱፐርማን መንኮራኩር አሜሪካ፣ ካንሳስ መውደቋ ቀርቶ ሶቪየት ዩክሬን ታርፋለች፤ ካንሳስን ለማያውቅ ለውጡ ምኑም አይደል። (እሱ ጠንከር ስለሚል ለጊዜው ይቆየው።) ማርቭል በ1977 የጀመረው ተከታታይ ይሻላል፤ የመጀመሪያው ቁጥር ስፓይደርማን ከፋንታስቲክ ፎር ቡድን ጋር ቢቀላቀል ኖሮ ብሎ ይጠይቅና እዚያው ይጨርሳል። የማርቭል ዞምቢዎችን ግን ይደብቁበት፤ ሰው ይበላሉ።

ባለ22 ገጽ ኮሚክስ እየሣልኩ ነው። ጣሊያን አዲስ አበባን አልለቀቀም፣ ዘውዱ አልወረደም፣ መኪና ይበራል። ጓደኞቼ አልገባንም አሉኝ። (ከስታዲየም)

ሦስት ለውጥ ሦስት ኮሚክስ ነው፤ አንዱን ያዝ። ምርጡ ለውጥ ደግሞ ትንሹ ነው። አፄ ምኒልክ በማገዶ እጥረት መዲናቸውን አዲስ ዓለም ወደምትባለው ከተማ ሊያዛውሩ ቤተ መንግሥት አስጀምረው ነበር፤ አዲስ አበባን ያተረፋት ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። ዛፉ ባይመጣስ? የሕንፃ አጠና የለም፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች የሉም፣ ፒያሳ ምናልባት ከብት የሚግጥበት ሜዳ ነው። ጀግናህ አዲስ ዓለም ሰማይ ላይ ይብረር።

እስከ ገጽ 3 ዓለሙን ያለ ማብራሪያ አሳይ። ገጽ 4 ወይም 5 ላይ ለውጡን በአንድ ሥዕል ንገር፤ ጓደኞችህን ያደናገራቸው የዚህ መጥፋት ሳይሆን አይቀርም። እስከ ገጽ 18 ጀግናው በለውጡ ያጣውን አሳይ፤ የተረፈው መዝጊያ ነው። በገጽ ከ6 ሥዕል አትለፍ። የአማርኛ ቃል ረጅም ስለሆነ «አይመለሱልንም» የሚለው ብቻውን ጠባብ የንግግር ክብ ውስጥ ለሁለት ይቆረጣል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ንግግሩን ጻፍ፣ ከ12 ቃል አታሳልፈው፣ ክቡን ከዚያ በኋላ አክብበት።