አንድ «ሶሪ»፣ ሁለት ዜማ

ጥያቄ፦ በእንግሊዝኛ ስልክ ሳወራ ያልሰማሁትን እንዲደግሙልኝ «ሶሪ» እላለሁ። እነሱ ግን ይቅርታ የጠየቅኋቸው ይመስላቸውና «ምንም አይደል» ብለው ወሬያቸውን ይቀጥላሉ። ቃሉን በትክክል ነው የምጠራው፤ ምን አጎደልኩ?

መልስ፦ የጎደለው ዜማው ነው። ለይቅርታ ሲሆን ድምፅ «ሶ» ላይ ከፍ ብሎ ይነሳና «ሪ» ላይ እስከ ታች ይወርዳል። ለ«ምን አሉኝ?» ግን «ሶ»ን ዝቅ አድርገው ይጀምሩና «ሪ» ላይ ወደ ላይ ይውጡ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው «ሶ»ን ከፍ አድርጎ ሲጀምር ነው፤ ከዚያ በላይ መውጫ ስለማይኖር «ሪ» ሳይፈልግ ይወርድበታል። ድምፅን ማቅጠን ሲገባ መጮህም ያው ነው፤ ዜማው አይለወጥም፣ የተቆጡ ይመስላል እንጂ።

ለመለማመድ አፍዎን ገጥመው ሁለቱንም ዜማ ያለ ቃል ያንጎራጉሩ። ሲለይልዎ ቃሉን ይጨምሩበት፣ በስልክዎ ይቅዱትና ቆየት ብለው ያድምጡት። ወዲያው ካደመጡት ጆሮዎ ያሰቡትን እንጂ ያሉትን አይሰማም።

«ዌር»ም እንዲሁ ነው። «ስብሰባው ፎቅ ላይ ነው» ሲሉዎ በሚወጣ ዜማ ከጠየቁ «የት አሉኝ?» ማለት ነው፤ በሚወርድ ከሆነ ደግሞ «ፎቅ ላይ የትኛው ክፍል?»።

ከሁሉም የሚከብደው ወርዶ መልሶ የሚወጣው ዜማ ነው። «አይ ዶንት ቶክ ቱ ኤኒዋን» ሲባል «ኤኒዋን» ላይ ድምፅ ወርዶ ከቀረ «ማንንም አላነጋግርም» ይሆናል። ወርዶ ከተመለሰ ግን «ያገኘሁትን ሁሉ አላነጋግርም»፣ ማለትም መርጬ አነጋግራለሁ። ይህን ሳይለዩ መናገር ሰው ያስቀይማል፤ ስለዚህ ጊዜ ሰጥተው ይለማመዱት።

ጥያቄ፦ በአረፍተ ነገር መጨረሻ የሚባለው «ኢዝንት ኢት?» («አይደል?») ሁልጊዜ ጥያቄ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሲወጣ የእውነት ጥያቄ ነው፤ ሲወርድ ተናጋሪው እርግጠኛ ነው፣ እንዲስማሙለት ብቻ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ በ«አይ ፔይድ» ውስጥ የትኛውን ቃል ላጉላ?

መልስ፦ አዲሱን ነገር የያዘውን። ማን እንደከፈለ ካከራከረ «አይ»ን ያጉሉ፤ አማርኛ «እኔ ነኝ የከፈልኩት» ብሎ በአረፍተ ነገር አሰካክ የሚለየውን እንግሊዝኛ በድምፅ ብቻ ሊለየው ይችላል። «ፔይድ»ን ካጎሉት «ከፍያለሁ እኮ» ይሆናል። ሁለቱንም እኩል ካጎሉ ሰሚው የትኛውን እንደፈለጉ ያጣዋል።